የዓሣ አጥማጅ እንጀራ

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው እኛ የአንድ አያት የልጅ ልጆች የሆንን ሁለት ተማሪዎች ነን። አንዳችን ወንድ፣ አንዳችን ሴት ነን፤ የምንማረውም በአንድ ክፍል ነው። ትምህርታችን በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛችን አንዳንድ ቦታ ላይ ሊያነክስ ይችላል። ስሕተት ብታገኙ እንደ ልጆቻችሁ አርሙን እንጂ አትሳቁብን።

በቅርስ ትምህርት ክፍላችን የተሰጠን ሥራ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በእጁ ሠርቶ የሚኖር አንድ ሰው ፈልጉ። ሥራው እንዴት እንደሚያምር ሳይሆን እንጀራውን እንዴት እንደሚያገኝ ጠይቁት። ከዚያ የሰማችሁትን ለቤተ ሰባችሁ በአማርኛ ንገሩ።» ጓደኞቻችን ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ መኪና ጠጋኝ መረጡ። እኛ ዓሣ አጥማጅ መረጥን። ምክንያቱም ወደ ጥቬርያ ለሽርሽር በሄድን ቁጥር ዓሣ እንበላለን፤ ያንን ዓሣ ከውሃ ያወጣውን ሰው ግን አንድም ቀን አይተነው አናውቅም ነበር።

አጎታችን ገና ሳይነጋ በመኪናቸው ከአፉላ ይዘውን ወጡ። አያታችንም «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ ከወጡ ወዲህ ብዙ ከቤት አይወጡም። እኛም «አባባ፣ ብርድ ነው፣ ይቅርብዎት» ብንላቸው «ባሕር ካየሁ ቆይቻለሁ» ብለው ጋቢያቸውን አንሥተው መኪናው ውስጥ ገቡ። አያታችን የደንቢያ ሰው ናቸው። የተወለዱበት መንደር ከጣና ብዙ አይርቅም ነበር። በደንቢያ ሐይቁን «ባሕር» ይሉታል። በዕብራይስጥም ኪኔሬት ሐይቅ ሆኖ ሳለ «ያም» ማለትም ባሕር ይባላል። ይህን በመንገድ ላይ ስንነግራቸው «እንግዲያው ባሕሩን ባሕር የሚል አገር ነው የመጣሁት» ብለው ፈገግ አሉ።

ዓሣ አጥማጁን ያገኘናቸው ከዳርቻው ላይ ጀልባቸውን ሲያስሩ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። አባታቸውም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጀልባቸው ትንሽ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር አላት። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ጎልማሳ መረቡን እያጠፈ ነበር። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ መረባቸውን ይዘረጋሉ፤ ሌሊቱን ከውሃው ጋር ያድራሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ መረቡን ይስባሉ። ይህን ሲነግሩን እጃቸውን አየን። ጣቶቻቸው በመረቡ ክር ተቆራርጠዋል። አያታችንም እጃቸውን ነበር የሚመለከቱት።

«ዓሣ ማጥመድ ያኖራል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸው መልስ ሳይሰጡ ሳጥኖቹን ከጀልባዋ እያወረዱ «ቁጠሩ» አሉን። ስድስት ሳጥን ነበር። ከዚያ ሒሳቡን አሳዩን፤ እኛም በደብተራችን ላይ ጻፍነው።

አንዱ ሳጥን ሙሽት ነው፤ በዕብራይስጥ አምኑን የሚሉት ሰፊው ዓሣ ማለት ነው። ሁለቱ ሳጥን ቡሪ ነው። አንዱ ቢኒት ነው፤ እሾሁ ስለሚበዛ ርካሽ ነው። የቀሩት ሁለት ሳጥኖች ደግሞ ስፋምኑን የሚባለው ጢማም ዓሣ ነው። ስፋምኑን ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም፤ ስለዚህ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ይወድቃል። «በሳጥን ሲቆጠር ስድስት ነው» አሉን፤ «በገንዘብ ሲቆጠር ግን የአራት ጥሩ ሳጥን ዋጋ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ።»

ከእነዚያ አራት አንዱ ለቤንዚንና ለበረዶ ይሄዳል። ሌላው ለመረቡ፣ ለሞተሩ፣ ለፈቃዱና ለኢንሹራንሱ ይቀመጣል፤ መረብ በድንጋይ ይቀደዳል፣ ሞተርም ያረጃል። የቀረው የሁለት ሳጥን ዋጋ ነው። እርሱንም ከባልደረባቸው ጋር ለሁለት ይካፈሉታል። «ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ ስድስት ሳጥን አወጣለሁ፤ ቤቴ የምገባው ግን የአንድ ሳጥን ዋጋ ይዤ ነው። ይህም ዓሣ በተገኘ ሌሊት ነው። ባዶ መረብ የምስብበት ሌሊትም አለ፤ ቤንዚኑ ግን ያው ይቃጠላል» አሉን።

እኛ ቁጥሩን ስንጽፍ አያታችን በአማርኛ «ሚዛኑን የያዘው ማነው? ጠይቁልኝ» አሉ። በመጀመሪያ አልገባንም። የክብደት ሚዛን መስሎን «ሚዛን አለዎት ወይ?» ብለን በዕብራይስጥ ጠየቅን። ዓሣ አጥማጁ ግን አያታችንን አይተው ወዲያው ገባቸው። «ጅምላ ነጋዴው ነው የያዘው» ብለው መለሱ። ነጋዴው ጠዋት በመኪናው ይመጣል፤ ዋጋውን የሚናገረው እርሱ ነው። አጥማጁ «አይ፣ ያንሳል» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ግን ጨው ወይም እህል አይደለም፣ አስቀምጦ ነገ ሊሸጠው አይችልም። «ዓሣ ጠዋት ንጉሥ ነው፤ ማታ ሽታ ነው። ነጋዴው ሊጠብቅ ይችላል፣ እኔ ግን መጠበቅ አልችልም» አሉን። አያታችን ይህን ስንተረጉምላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንደዚያው ነው፤ እንደዚያው ነው» አሉ።

ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ የሚኖሩት በመረቡ ብቻ አይደለም፤ ዓርብ ቀንም ያኖራቸዋል። ለሰንበት ዓሣ የሚፈልጉ የሚያውቋቸው ቤተ ሰቦች አሉ። ባለቤታቸው ዓሣውን ጠርገውና ቅርፊቱን ፍቀው ያዘጋጃሉ፤ እርሳቸው ከቤት ወደ ቤት ያደርሳሉ። መሐል ነጋዴ ስለሌለ ከዚያው ከአንዱ ዓሣ የሚገኘው ገንዘብ ይበልጣል። ምግብ ቤቶቹስ ለምን አይገዙዎትም ብለን ስንጠይቅ ሳቁ። በሐይቁ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች የምንበላው ሙሽት አብዛኛው ከኪኔሬት የወጣ አይደለም፤ በቤት ሸአን ሸለቆና በሌላም ስፍራ በኩሬ የተረባ ነው። የኩሬው ዓሣ ሁሉ እኩል ነው፣ በሳህን ልክ ነው፣ በየቀኑም ይገኛል። ከውጭ አገር በበረዶ ደርቆ የሚመጣውም ብዙ ነው። የሐይቁ ዓሣ ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። እኛም ለስንት ዓመት «የኪኔሬት ዓሣ በላን» እያልን ስናወራ የኩሬ ዓሣ ስንበላ ኖረናል ማለት ነው።

ከዚያ የሐይቁን ታሪክ ነገሩን፤ እኛም ቤት ከገባን በኋላ አንብበን ጨመርንበት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኪኔሬት ስፋቱ 166 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ከባሕር ወለልም ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ድሮ ከዚህ ሐይቅ በብዛት የሚወጣው ላቭኑን የሚባለው እንደ ሰርዲን ያለ ትንሽ ዓሣ ነበር። በጣሳ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። በ1990ዎቹ ገዢ እያጣ ሄደና ብዙዎቹ አጥማጆች ወደ ሙሽቱ ዞሩ። ሙሽቱ ደግሞ በ2000ዎቹ ዓመታት አለቀባቸው፤ በዓመት ወደ ሦስት መቶ ቶን ይወጣ የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ቶን በታች ወረደ። ለዚህ አንዱ መረብ በዛ ይላል፤ አንዱ ውሃው ጎደለ ይላል፤ አንዱ ደግሞ በክረምት በብዛት እየመጡ ዓሣ የሚውጡትን ጥቋቁር ወፎች፣ ኮርሞራኖቹን ይከስሳል። በ2010 መንግሥት ማጥመዱን ለሁለት ዓመት ሊያስቆም አቅዶ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ «ዓሣው እንዲያርፍ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ዓሣው ሲያርፍ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አሉ።

አሁንም ዓሣው በሚራባበት በፀደይ ወራት ማጥመድ ይከለከላል። እርሳቸው በዚያን ጊዜ መረብ ይጠግናሉ፣ ጀልባ ይቀባሉ፣ የተገኘውን ሥራ ይሠራሉ። ሐይቁ ውስጥ የሙሽትና የቡሪ ጫጩቶች በሰው እጅ ይለቀቃሉ። ቡሪ የባሕር ዓሣ ስለሆነ ኪኔሬት ውስጥ ያድጋል እንጂ አይራባም። ሰው ካልጨመረበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ይህ ሥራ እኛ እንደመሰለን ከውሃ ዝም ብሎ መውሰድ አይደለም። እንደ እርሻ ይዘራል፣ ይጠበቃል፣ ይታጨዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አሳዩን። ከእነርሱ ብዙ ሳይርቅ በጊኖሳር በ1986 ድርቅ ሆኖ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ከጭቃው ውስጥ የጥንት ጀልባ አገኙ። ርዝመቷ ከስምንት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ዕድሜዋም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ነው። የመረመሯት ሰዎች ከአሥራ ሁለት ዓይነት እንጨት የተሠራች መሆኗን አወቁ። ይህም የሆነው ባለቤቷ ደጋግሞ ስለጠገናት ነው፤ አንድ ጣውላ ሲበሰብስ ያገኘውን እንጨት ይለጥፍባት ነበር። «ያቺን ጀልባ ሄዳችሁ እዩ። የእኔም ጀልባ እንደዚያ ናት። ዓሣ አጥማጅ ሀብታም የሆነበት ዘመን አልነበረም» አሉን።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ዓሣ አጥማጁ የነገሩንን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላሰብነውም ነበር።

ባልደረባቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳጥኖች ሲያወርድ አያታችን ጎንበስ ብለው ተመለከቱና ጮክ ብለው «አምባዛ!» አሉ። ሁላችንም ዞር አልን። ጢማሙን ዓሣ በጣታቸው እያሳዩ «አምባዛ ነው እኮ! እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ። ዓሣ አጥማጁም «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ይህን ዓሣ በአገራቸው ያውቁታል» አልናቸው። ያን ጊዜ እውነት ይሁን፣ መምሰል ብቻ ይሁን አላወቅንም ነበር። በኋላ ስናነብ እውነት ሆኖ አገኘነው። የጣናው አምባዛና የኪኔሬቱ ስፋምኑን የሚመሳሰሉ ብቻ አይደሉም፤ በዘርም አንድ ዓሣ ናቸው። ሙሽቱም የጣናው ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቢኒቱም የነጭ አሳ ወገን ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የኖረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ቤን ማቲትያሁ በኪኔሬት ዳር ባለ አንድ ምንጭ ውስጥ በግብፅ በእስክንድርያ አጠገብ እንዳለው ያለ ዓሣ ይገኛል፣ ስለዚህም አንዳንድ ሰዎች ምንጩን የዓባይ ሥር ነው ይላሉ ብሎ ጽፏል። ምንጩ የዓባይ ሥር አለመሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን ዓባይ የሚወጣው ከጣና ነውና አያታችን ይህን ስናነብላቸው «ታዲያ ሰውዬው ብዙ አልተሳሳተም» አሉ።

ዓሣ አጥማጁ «አንተም አጥማጅ ነበርህ?» ብለው አያታችንን ጠየቁ። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው እኛ «እርስዎም አጥማጅ ነበሩ ወይ ይላሉ» ብለን ተረጎምን። አያታችን ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ውሃው እያዩ «አይደለሁም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ለአጥማጆቹ መንጠቆ እንሠራ ነበር» አሉ።

እኛ ይህን ሰምተን አናውቅም ነበር። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ቤተ ሰባችን ስንጽፍ፣ በባር ሚጽቫና በባት ሚጽቫ ጊዜ የዘር ሐረጋችንን ስንሠራ፣ «የአያት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ገበሬ» ብለን ነው የጻፍነው። እንደዚያ የነገሩን እርሳቸው ናቸው። ውሸት አልነበረም፤ በክረምት በሰው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። የበጋውን ግን አልነገሩንም። ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል እንኳ ሁለታችንም አናውቀውም ነበር። ለዓሣ አጥማጁ ልንተረጉም አፋችንን ከፍተን ቆምን። አያታችን ያን ጊዜ በእጃቸው መዶሻ እንደሚያነሣ ሰው አድርገው፣ በአፋቸው ደግሞ እንደ ወናፍ «ፉ፣ ፉ» ብለው አሳዩን። ከእኛ ቀድመው የተረዱት ዓሣ አጥማጁ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው ዓሣ አጥማጁ፣ መላሹ አያታችን ሆኑ፤ እኛ መሐል ቆመን እንተረጉም ነበር። አያታችን እንዲህ አሉ፦ «እኔ ልጅ ሆኜ ወናፍ እነፋ ነበር፤ አባቴ ይቀጠቅጣል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ፣ መንጠቆም እንሠራለን። በገበያ ቀን ቆላ ድባ እንወጣለን። ከባሕሩ ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች ይመጣሉ፤ በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ ናቸው። ታንኳዋ በጥቂት ወር ውሃ ጠጥታ ትበሰብሳለች፤ እንደገና ደንገል አጭደው ሌላ ያስራሉ። ገንዘብ የላቸውም፤ መንጠቆ ግን ያስፈልጋቸዋል። አባቴ በዱቤ ይሰጣቸዋል። ዓሣ በወጣ ጊዜ ለአምስት መንጠቆ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ያመጣሉ። አምባዛ አንቀበልም ነበር፣ ቅርፊት የለውማ! እነርሱም ያውቃሉ፤ አምባዛውን ለሌላው ይሸጣሉ።»

ዓሣ አጥማጁ «በረዶ ሳይኖር ዓሣውን ምን ያደርጉታል?» ብለው ጠየቁ። «ሰንጥቀው ያደርቁታል፤ ቋንጣ ያደርጉታል» አሉ አያታችን። «ዋጋ የሚያገኙት በክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ነው። ሥጋና ቅቤ አይበላም፤ ብዙው ሰው ግን ዓሣ ይበላል። ያን ጊዜ ዓሣ ይወደዳል፣ አጥማጁም ዕዳውን ይከፍላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ማንም አያየውም።» ዓሣ አጥማጁ «የእኔ ዓርብ ማለት ነው» አሉ። አያታችንም ተተርጉሞላቸው ሳቁ።

ከዚያ ግን ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው የተናገሩትን ለመተርጎም ከበደን። «በገበያው ዳር ነበር የምንቀመጠው፤ እነርሱም እኛም። እነርሱን ጉማሬ በሎች ብለው ይንቋቸዋል። እኛን ደግሞ ቡዳ ይሉናል። ቀን ማረሻ ያሠሩናል፤ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። መሬት የላቸውም፣ እኛም የለንም። እኛም እነርሱም የምንኖረው በእጃችን ነበር። አብረን አንበላም፣ ሕጋችን አይፈቅድም፤ ነገር ግን አንድም ቀን ዕዳቸውን ክደውን አያውቁም።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ «ለእናንተ ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው። እዚህ አገር ተወልዳችሁ ያንን ስም ለምን ትሸከሙታላችሁ ብዬ ነው» አሉን።

ይህን የመጨረሻውን ለዓሣ አጥማጁ አልተረጎምንላቸውም። እርሳቸውም አልጠየቁንም።

ስንለያይ ዓሣ አጥማጁ አንድ ትልቅ ቢኒት በወረቀት ጠቅልለው ለአያታችን ሰጡ። አጎታችን ገንዘብ ሊያወጡ ኪሳቸው ገቡ፤ ዓሣ አጥማጁ «አይሆንም» አሉ። አያታችንም «በነጻ አልወስድም» አሉ። ሁለቱም ሽማግሌዎች አልሸነፍም ብለው ቆሙ። በመጨረሻ አያታችን ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ የነበረውን የዓሣ ቢላዋ አነሡ። በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱና አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዳርቻው ድንጋይ መረጡ፣ በውሃ አራሱት፣ ቁጢጥ ብለው ይስሉት ጀመር። አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን ጎን፤ ሳይቸኩሉ። እንደዚያ ሲቀመጡ አይተናቸው አናውቅም። ዓሣ አጥማጁ ቢላዋውን ተቀብለው በአንድ ክር ሞከሩት፤ ክሩ ወዲያው ተበጠሰ። ዓሣውን ያን ጊዜ ተቀበልን።

ቤት ገብተን አያታችን ስለ ጣና ያልነገሩንን አንብበን ነገርናቸው። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከአሥራ አራት ሜትር ያህል አይበልጥም። በኪኔሬት ጥንታዊቷ ጀልባ በተገኘችበት በ1986 ወደ ጣና ባለ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ታንኳ ሊደርስበት ያልቻለው ስፍራ ሁሉ ተደረሰ፤ አጥማጁም ብዙ ዓሣ ማውጣት ጀመረ። ነጭ አሳው ግን በክረምት ዝናብ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣል። መረቡን በወንዙ አፍ ላይ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የሚይዘው ግን ሳይወልድ ነው። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ ውስጥ ነጭ አሳው በጣም ተመናመነ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሰሜኑ ዳርቻ፣ በደንቢያ በኩል ታየ። አረሙ ሲወፍር ጀልባ አያስኬድም፤ መረብም ይይዛል። አያታችን ይህን ሲሰሙ አዘኑ። «የእኔ ሰዎች መንጠቆ አንድ ዓሣ ነው የሚይዘው። መረብ ግን ልጁንም እናቱንም ይይዛል» አሉ።

እኛ ከዚህ ሥራ የተማርነው ይህ ነው። የዓሣ አጥማጅን እንጀራ የሚወስነው በሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ብቻ አይደለም። ሚዛኑን የያዘው ሰው፣ የሚገዛው ሰው ሕግና ጾም፣ የኩሬው ዓሣ፣ ቤንዚኑ፣ መረቡን የሠራውና መንጠቆውን የቀጠቀጠው እጅ ሁሉ አለበት። ዓሣ አጥማጁ ልጆቻቸው ይህን ሥራ እንደማይወርሱ ነግረውናል። አንዱ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ነው፤ ሌላው በሃይፋ ይኖራል። አያታችንም ወናፉን ለማንም አላወረሱም፤ በ1991 በአንድ ቀን ተነሥተው ሲመጡ ከመዶሻውና ከመስፉ ጋር እዚያው ቀርቷል። እኛ አሁን ቀጥቃጭ አንሆንም፤ ዓሣ አጥማጅም አንሆንም ይሆናል። ቃሎቹን ግን ልናጣቸው አንፈልግም። በዚያን ቀን ማታ አያታችን ቢኒቱን ከሴት አያታችን ጋር ሲበልቱ እያንዳንዱን ስም አስጻፉን፦ መንጠቆ፣ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ደንገል፣ ታንኳ፣ ቅርፊት፣ ቋንጣ።

በዘር ሐረጋችንም ላይ «ገበሬ» ከሚለው አጠገብ «ቀጥቃጭ» ብለን ጨመርን። አያታችንን አስፈቅደን ነው። መጀመሪያ «ተዉት» ብለው ነበር። በማግሥቱ ግን ራሳቸው ወረቀቱን ጠየቁን፤ መነጽራቸውን አድርገው ቃሉን ለረጅም ጊዜ አዩትና «መንጠቆም እንሠራ እንደነበር ጻፉ» አሉን።

ውድ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፤ እናንተም ስለ ሥራችሁ ያልነገራችሁን ነገር ካለ ንገሩን። ስሙን እንድንሸከም ሳይሆን እጃችሁን እንድናውቅ ነው።